የመማሪያ ክፍሉ አየርና የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ጤና

መግቢያ

ስለ ሥራ ላይ ጤንነት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በአሳብ የሚመጣው የፋብሪካው፣ የማዕድን ጉድጓዱ ወይም የሕንፃ ግንባታው ሠራተኛ ነው። ትምህርት ቤትም የሥራ ቦታ መሆኑ እምብዛም አይታሰብም። ይሁን እንጂ መምህሩ በክፍል፣ ምግብ አብሳይዋ በወጥ ቤት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በመጥረጊያዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛው በጠባብ ማደሪያው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በመደርደሪያዎቹ መካከል የሥራ ዘመናቸውን የሚያሳልፉት በትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ ነው። ተማሪው በአንድ ትምህርት ቤት የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ሲሆን መምህሩ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ያንኑ አየር ሲተነፍስ ይኖራል።

አንድ ያረፈ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽም ግማሽ ሊትር ያህል አየር ያስገባል። ይህ በአንድ ቀን ተደምሮ ሲታይ በአማካይ ከ10,000 ሊትር ይበልጣል። የሚጠጣው ውኃ እንዳይበከል የሚጠነቀቅ፣ ምግቡን አጥቦና አብስሎ የሚበላ ሰው፣ ከሁለቱም ይልቅ በብዛት ወደ ሰውነቱ የሚያስገባውን አየር ሳይመረምር መቅረቱ አየሩ ስለማይታይ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በትምህርት ቤት ሕንፃዎች ውስጥ ያለው አየር በምን ምክንያት እንደሚበላሽ፣ የተበላሸውም አየር በሠራተኛው ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምን እንደ ሆነና በአነስተኛ ወጪ እንዴት ሊሻሻል እንደሚችል ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ በተለይ ጎልቶ እንዲወጣ የተፈለገው አሳብ፣ ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ቀዳሚው የሚከፈት መስኮት መሆኑና መስኮቱ እንዳይከፈት የሚያደርጉትን መሰናክሎች ማስወገድ ደግሞ ለመምህሩ ብቻ የሚተው አለመሆኑ ነው።

የግንዛቤው አመጣጥ

የሥራ ቦታ አየር በጤና ላይ ያለው ተጽዕኖ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 በሞዴና ከተማ ባሳተመው መጽሐፍ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ፣ ድንጋይ የሚጠርቡ፣ ዱቄት የሚፈጩ ሠራተኞች በአቧራ ምክንያት የሚደርስባቸውን የመተንፈሻ አካላት ሕመም ዘርዝሮ ጽፏል። ሐኪም በሽተኛን ሲመረምር የሥራውን ዓይነት እንዲጠይቅ የመከረውም እርሱ ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በሙኒክ ባደረጋቸው ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከሺህ አንድ እጅ፣ ማለትም ከሚሊዮን 1,000 እጅ፣ ካለፈ አየሩ በሰው ትንፋሽ መበላሸቱን እንደሚያመለክት አስረዳ። ይህ ወሰን ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ዛሬም በብዙ አገሮች እንደ መመዘኛ ያገለግላል።

ጉዳዩ በሰፊው እንደ ገና የተነሣው እ.ኤ.አ. ከ1973 የነዳጅ ዋጋ መናር በኋላ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚፈጀውን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የቢሮ ሕንፃዎች ተጠብቀው ተዘጉ፤ ከውጭ የሚገባው ንጹሕ አየርም ተቀነሰ። ብዙም ሳይቆይ በእነዚህ ሕንፃዎች የሚሠሩ ሰዎች ራስ ምታት፣ የዓይንና የጉሮሮ መቆጥቆጥ፣ ድካምና አሳብን መሰብሰብ ያለመቻል ችግር እንዳጋጠማቸው ተናገሩ። ከሕንፃው ሲወጡ ስሜቱ ይቀልላቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሁኔታ ከሕንፃው ጋር የተያያዘ ሕመም አድርጎ ገለጸው።

የእኛ አገር ትምህርት ቤቶች አብዛኛዎቹ በመሣሪያ የሚሞቁ ወይም የሚቀዘቅዙ ባለመሆናቸው ጉዳዩ የማይመለከተን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መስኮት የሚዘጋው ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። በደጋው ብርድ፣ በመንገድ ዳር አቧራ፣ በቆላው ነፋስ፣ በስርቆት ፍርሃት ምክንያትም ይዘጋል። ውጤቱ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ አየሩ የሚለወጥበት ሁኔታ

አየር በክፍል ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚበላሽ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል ይወሰድ። የክፍሉ ይዘት 168 ሜትር ኩብ ወይም 168,000 ሊትር ይሆናል። በአገራችን ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት በመለኪያነት የተያዘው የአንድ ክፍል ተማሪ ብዛት 50 በመሆኑ፣ ከመምህሩ ጋር 51 ሰዎች በክፍሉ አሉ ማለት ነው።

ወደ ውስጥ የምናስገባው አየር ከመቶ 0.04 እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲኖረው የምናስወጣው ግን ከመቶ 4 እጅ ያህል ይዞ ይወጣል። እያንዳንዱ ሰው በአማካይ በሰዓት 15 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል ብለን ብንገምት፣ 51 ሰዎች በሰዓት 765 ሊትር ያስወጣሉ። ይህ በ168,000 ሊትር አየር ውስጥ ሲሰራጭ የጋዙ መጠን በሰዓት ከሚሊዮን 4,550 እጅ ያህል፣ በደቂቃም 76 እጅ ያህል ይጨምራል። የውጭው አየር በአሁኑ ጊዜ ከሚሊዮን 420 እጅ ያህል ስለሚይዝ፣ መስኮትና በር ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ ክፍል የፔተንኮፈር ወሰን የሚታለፈው ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሲያበቃም መጠኑ ወደ 3,450 እጅ ይደርሳል። በክፍሉ 80 ተማሪዎች ቢኖሩ ደግሞ ወሰኑ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታለፋል፤ መምህሩ የስም ጥሪውን ገና ሳይጨርስ ማለት ነው።

በእርግጥ ምንም ቀዳዳ የሌለው ክፍል የለም። በበር ሥር፣ በጣሪያና በግድግዳ መካከል፣ በመስኮት ጠርዝ አየር ይገባል፤ ይወጣልም። ስለዚህ በአንድ በተወሰነ ክፍል የሚገኘው መጠን ከዚህ ስሌት ሊያንስ ይችላል። ስሌቱ የሚያሳየን ግን አየሩን የሚያበላሸው ምን ያህል ፈጣን እንደ ሆነና ስንት ጊዜ መለወጥ እንደሚያስፈልገው ነው። በዚያው ክፍል መጠኑ ከ1,000 እጅ እንዳያልፍ ለማድረግ በሰዓት 1,320 ሜትር ኩብ ያህል የውጭ አየር መግባት አለበት። ይህም ለአንድ ሰው በሰዓት 26 ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፣ የክፍሉ አየር በሙሉ በሰዓት ስምንት ጊዜ ያህል ይለወጥ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ መጠን መርዝ አይደለም። ዋና ጥቅሙ ምስክርነቱ ነው። እርሱ ሲጠራቀም የሰው ላብና ትንፋሽ ሽታ፣ እርጥበት፣ ሙቀት፣ አቧራ፣ በትንፋሽ የሚወጡ ተሐዋስያንም አብረው መጠራቀማቸውን ይመሰክራል። በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 24 የቢሮ ሠራተኞች በስድስት የሥራ ቀናት የተለያየ የአየር ሁኔታ ባለበት ክፍል ውስጥ እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር፤ ንጹሕ አየር በብዛት በገባባቸው ቀናት የማመዛዘንና የመወሰን ችሎታቸው በጉልህ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከቀትር በፊት ባለው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪው ሲያንቀላፋ፣ መምህሩም ራሱን ሲያመው፣ ምክንያቱ ስንፍና ወይም ረኃብ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ ይህ ያስገነዝባል።

የጠመኔና የወለል አቧራ

የመምህሩ ሥራ ከአቧራ ጋር የተያያዘ ነው። ጠመኔ የሚሠራው ከጂፕሰም ወይም ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ይህ ብናኝ ድንጋይ ጠራቢውን እንደሚያጠቃው የሲሊካ አቧራ ሳንባን የሚያጠጥር አይደለም፤ ሆኖም ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ይቆጠቁጣል፤ አስም ያለበትን ሰው ሕመም ይቀሰቅሳል። መምህሩ ደግሞ ከሌላው ሠራተኛ በተለየ ሁኔታ ሲሠራ የሚናገር ሰው ነው። ጮክ ብሎ በሚናገርበት ጊዜ በአፉ ስለሚተነፍስ አየሩን የሚያጣራውና የሚያረጥበው አፍንጫ ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል። በዚህም ምክንያት የድምፅ መጎርነንና የጉሮሮ መድረቅ ይበረታበታል።

የወለሉ አቧራ ከጠመኔው ይበልጥ አሳሳቢ ሊሆን ይችላል። በተለይም ወለሉ አፈር ወይም የተሰነጠቀ ሲሚንቶ በሆነባቸው ክፍሎች በጫማ የገባው አፈር በደረቁ ሲጠረግ በሙሉ ወደ አየር ይነሣል። በሁለት ፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የጠዋቱ ፈረቃ እንደ ወጣ ክፍሉ ተጠርጎ ወዲያው የከሰዓቱ ፈረቃ ይገባል። ከባዱ ብናኝ በቶሎ መሬት ሲወርድ፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚገባው ረቂቁ ብናኝ ግን ለሰዓታት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ከዲያሜትሩ 2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ብናኝ ከሰው ጠጉር ውፍረት ከሃያ እጅ አንድ እጅ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ የጠራ የሚመስል ክፍል ንጹሕ አየር አለው ማለት አይቻልም። ከሁሉ በላይ ይህን አቧራ የምትተነፍሰው በቀን ብዙ ክፍል የምትጠርገው የጽዳት ሠራተኛ ናት።

በአየር የሚተላለፍ በሽታ

ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን ነው። በሽታው በአየር መተላለፉን በግልጽ ለማረጋገጥ ግን ብዙ ዓመታት ወስዷል። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር የጊኒ አሳማዎች ወዳሉበት ቤት እንዲሄድ አደረጉ። እንስሳቱ ከሕሙማኑ ጋር ያገናኛቸው አየሩ ብቻ ሆኖ ሳለ በበሽታው ተያዙ።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከፍተኛ የሆነባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ 50 ወይም 80 ሰዎች ተጠጋግተው በሚቀመጡበት ክፍል የአየር ዝውውር ጉዳይ የምቾት ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይታይም። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2007 ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ የወጣው ጥናት ለትምህርት ሕንፃ አቃጅ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ በስምንት ሆስፒታሎች የሚገኙ 70 ክፍሎችን መረመሩ። መስኮትና በር በሚከፈትበት ጊዜ የክፍሎቹ አየር በመካከለኛ ግምት በሰዓት 28 ጊዜ ሲለወጥ፣ በመሣሪያ አየር የሚገባባቸው ክፍሎች የሚያገኙት 12 ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና ትላልቅ መስኮት ያላቸው ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠሩ ክፍሎች በሰዓት 40 ጊዜ ሲለወጡ አዲሶቹ 17 ጊዜ መለወጣቸው ነው። አዲስ የሆነ ሁሉ የተሻለ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን ታማሚውን መምህር ወይም ተማሪ ማግለል እንዲመጣ አይደለም። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲመረመር ማድረግ ተገቢ ነው። ሕክምናውን በትክክል የጀመረ ሰው በሽታውን የማስተላለፍ ኃይሉ በአጭር ጊዜ ይቀንሳል። በትምህርት ቤት አደገኛው፣ ሕመሙ ያልታወቀው ሰውና የተዘጋው መስኮት በአንድነት ሲገኙ ነው።

የወጥ ቤቱ ጭስና የጥበቃ ቤቱ ከሰል

የተማሪዎች ምገባ በተስፋፋባቸው ትምህርት ቤቶች አዲስ የሥራ ቦታ ተፈጥሯል፤ እርሱም ወጥ ቤቱ ነው። ምገባው ተማሪውን በትምህርት ገበታው ላይ ለማቆየት ያለው ጥቅም የታወቀ ነው። ነገር ግን ለብዙ መቶ ልጆች እንጀራ የሚጋግሩና ወጥ የሚሠሩ እናቶች በእንጨት ጭስ ውስጥ የሚውሉ ከሆነ የአንዱ ጤና በሌላው ኪሣራ ተገኘ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የረቂቁ ብናኝ መጠን በ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በክፍት ምድጃ እንጨት በሚነድበት ዝግ ቤት ግን መጠኑ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይቆጠራል። ድርጅቱ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ በሚመጣ የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል። በሽታዎቹም የልብና የአንጎል ደም ሥር ሕመም፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የሳንባ ካንሰርና በሕፃናት ላይ የሚደርሰው የሳንባ ምች ናቸው። የዓይን ሞራም ከጭስ ጋር ይያያዛል።

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች የእንጨት ፍጆታን በመቀነስ ረገድ የሚመሰገኑ ናቸው። ይሁን እንጂ ማገዶ መቆጠብና ጭስን ከቤት ማስወጣት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። የጭስ ማውጫ የሌለው ቆጣቢ ምድጃ ጭሱን ቢያሳንሰውም የቀረውን የሚለቀው በአብሳይዋ ፊት ላይ ነው።

ከእንጨት ጭስ ይልቅ የሚያታልለው የከሰል ነው። የፋመ ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ጉዳት የሌለው ይመስላል። እውነቱ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የሌለው መሆኑ ነው። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ሰውነት ኦክስጅን እንዲያጣ ያደርጋል። በደጋው የአገራችን ክፍል ደግሞ ሁኔታው ይባባሳል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባለው ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በየትንፋሹ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ስለዚህ በብርድ ሌሊት ማንደጃ አስገብቶ በሩን ዘግቶ የሚተኛ የጥበቃ ሠራተኛ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ የሆነ ሰው ሲገኝ በሩን ከፍቶ በቶሎ ወደ ውጭ ማውጣትና ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቡና ሲፈላም ከሰሉና ዕጣኑ በአንድነት አየሩን እንደሚያበላሹት አስታውሶ መስኮት መክፈት መልካም ነው።

የሙያ ክፍሎች

በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራን ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995፣ የብየዳን ጭስ ደግሞ በ2017 ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች መካከል መድቧል። የእንጨት ሥራና የብየዳ ልምምድ በሚሰጥበት ቦታ ጭሱና ብናኙ ከተነሣበት ሥፍራ ተስቦ መውጣት አለበት፤ ይህ በማይቻልበትም ጊዜ ብየዳው ሁለት ወገኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ቢደረግ ይመረጣል። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራም ጋዝ የሚያወጡ ሙከራዎች በዝግ ክፍል ሊሠሩ አይገባም።

መስኮቱ ለምን ይዘጋል?

ይህ ጸሐፊ ለተግባር ልምምድ የተሰማሩ ዕጩ መምህራንን ለመከታተል በየትምህርት ቤቱ በሚዘዋወርበት ጊዜ ከሚያስተውላቸው ነገሮች አንዱ፣ መስኮት የሚዘጋው በመምህሩ ቸልተኝነት አለመሆኑ ነው። የተሰበረ መስተዋት በቆርቆሮ ወይም በጣውላ ተመትቶ ለዘለቄታው ይዘጋል። ማጠፊያው የላላ መስኮት ነፋስ እንዳይሰብረው በሚስማር ይቸነከራል። ክፍሉ ከመንገድ አጠገብ ከሆነ አቧራው፣ ከሜዳው አጠገብ ከሆነ ጩኸቱ፣ ከሌላ ክፍል ጋር ከተጣበቀ የጎረቤቱ መምህር ድምፅ ያስዘጋል። እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ ተገቢ ናቸው። ከዚህም የተነሣ መምህሩ መስኮት እንዲከፍት መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ከፍቶ ለማስተማር የሚያስችለው ሁኔታ መዘጋጀት አለበት።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ሀ. በመምህሩ በኩል፦ ተማሪዎች ከመግባታቸው አሥር ደቂቃ አስቀድሞና በእረፍት ጊዜ በሩንና በሁለቱም ወገን ያሉትን መስኮቶች መክፈት፤ በብርድ ጊዜ ሁሉንም ከመዝጋት በሁለቱም ወገን የላይኛውን ክፍል ወይም ጥቂት ስንጥቅ ክፍት መተው፤ ሰሌዳን በእርጥብ ጨርቅ ማጥፋት፤ የማጥፊያውን ብናኝ ከክፍል ውጭ ማራገፍ፤ ወለል ሲጠረግ ውኃ አርከፍክፎ መስኮት ከፍቶ ማስጠረግ። አየር መዘዋወሩን ለማወቅ የተጨሰ ዕጣን በክፍሉ መካከል ይዞ የጭሱን አቅጣጫ መመልከት ይቻላል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከጣሪያው ሥር ከተንጠለጠለ አየሩ አይለወጥም፤ ወደ አንዱ መስኮት ተስቦ ከሄደ ይለወጣል። ከውጭ ተመልሶ ሲገባ የሚሰማውን ሽታ ማስተዋልም ጥሩ መመዘኛ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የቆየ ሰው ሽታውን ስለሚለምደው አይሰማውም።

ለ. በርእሰ መምህሩ በኩል፦ ከዓመታዊው የጥገና ገንዘብ ለመስኮት ማጠፊያ፣ ለመስተዋትና ለመወርወሪያ ቅድሚያ መስጠት፤ ስርቆት በሚያሰጋበት ቦታ መስኮቱን ከመቸንከር ይልቅ የብረት ፍርግርግ ማስገጠም፤ በመንገድ በኩል አቧራ የሚያግድ አጥር ወይም ዛፍ ማስተከል፤ ወጥ ቤቱ የጭስ ማውጫ እንዲኖረው ማድረግ፤ ለጥበቃ ሠራተኛው በማንደጃ ፋንታ ብርድ ልብስና ካፖርት ማቅረብና ለማደሪያው የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ማስከፈት፤ ቆሻሻ በመማሪያ ክፍሎች አጠገብ እንዳይቃጠል መከልከል።

ሐ. በእቅድ አውጪው በኩል፦ ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚወጡ መመሪያዎች የሚከፈተው የመስኮት ስፋት ቢያንስ ከወለሉ ስፋት ከመቶ 20 እጅ እንዲሆን ይመክራሉ። ከላይ ለተጠቀሰው 56 ሜትር ካሬ ክፍል ይህ 11.2 ሜትር ካሬ ይሆናል። ይህም በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ቢከፋፈል ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በንድፉ ላይ መቆጠር ያለበት የሚከፈተው ስፋት ብቻ ነው። የማይከፈት መስተዋት ብርሃን እንጂ አየር አይሰጥም፤ አሁን የተለመደው ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮትም ቢከፈት የሚለቀው ግማሹን ብቻ ስለሆነ 11.2 ሜትር ካሬ ክፍት ለማግኘት እጥፍ ያስፈልገዋል። ለመኖሪያ ወይም ለቢሮ የተሠራ ሕንፃ ለትምህርት ቤት ሲከራይ ይህ ስሌት አስቀድሞ ቢሠራ መልካም ነው። ወጥ ቤትና የጥበቃ ቤትም ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚቀጠሉ ሳይሆኑ ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ ሊካተቱ ይገባል። የክፍል ተማሪ ብዛት በሚወሰንበት ጊዜም ከወንበርና ከመጽሐፍ ቁጥር ጋር የአየሩ መጠን ይታሰብ።

በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ያለው ቦታ

ጉዳዩ አዲስ የትምህርት ዓይነት አይጠይቅም። በሒሳብ ትምህርት የይዘት ስሌት ሲሰጥ ተማሪዎች የራሳቸውን ክፍል ለክተው ለአንድ ሰው የሚደርሰውን አየር ቢያወጡ ትምህርቱ ሕይወት ያገኛል። በሳይንስ ትምህርት ስለ መተንፈስና ስለ መቃጠል ሲጠና የማንደጃው ከሰል ምሳሌ ሊሆን ይችላል። የጤና ክበቡና ሚኒ ሚዲያው በየሳምንቱ የትኛው ክፍል መስኮት እንደማይከፈት መዝግበው ለአስተዳደሩ ሊያቀርቡ ይችላሉ። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ደግሞ ዕጩ መምህሩ ወደ ልምምድ ሲወጣ ከትምህርት እቅዱ ጋር የክፍሉን የመስኮትና የወለል ስፋት ንጽጽር እንዲያቀርብ ቢደረግ፣ ክፍሉን እንደ ራሱ የሥራ ቦታ መመልከት ይለምዳል።

ማጠቃለያ

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና ከአደጋ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ይህንኑ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል። መብቱ በወረቀት ላይ መስፈሩ የሚጠቅመው በየክፍሉና በየወጥ ቤቱ ሲተረጎም ነው። ከላይ እንደ ተመለከትነው በትምህርት ቤት ውስጥ ለሚደርሰው የአየር መበላሸት አብዛኛው መፍትሔ በማጠፊያ፣ በጭስ ማውጫ፣ በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት የንድፍ ጥንቃቄ የሚገኝ ነው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንደሚባለው፣ ለአንድ መስኮት ጥገና የሚወጣው ገንዘብ አንድ መምህር ወይም አንዲት ምግብ አብሳይ በሕመም ምክንያት ከሥራ ሲለዩ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ በየትምህርት ቤቱ ስንት መስኮት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ስንቱ እንደሚከፈት ተቆጥሮ ቢቀርብ፣ ለሥራው ጥሩ መነሻ ይሆናል።